ዓይን አዋጅ ሲሆን፦ የዕፅዋት ማዕከልን ቀስ ብሎ ስለማየት

(በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ! ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ስለ ዛፍና አበባ ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ደስ ይላል። ብዙ አላቆያችሁም።

የማወራው ከተማ መሀል ስለሚገኙ የዕፅዋት ማዕከላት ነው። ቦታኒክ ጋርደን የምንላቸው። ዋናው ጉዳዬ ሳይንሱ አይደለም፤ እዚያ ገብተን እንዴት እንዋል የሚለው ነው። ሳይንሱ ግን በየመሀሉ መግባቱ አይቀርም፤ እሱን ቻሉኝ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ደግሞ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አንዴ ልናገርና ልገላገል።

ሰው እንዲህ ያለ ቦታ እንዴት እንደሚጎበኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካርታውን ይቀበላል። ከቁጥር አንድ ይጀምራል። ጽጌረዳው ጋ ሰልፊ፣ ኩሬው ጋ ሰልፊ። ግሪን ሃውሱ ውስጥ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። «ኧረ ሙቀቱ!» ይላል። ቀጥሎ ካፌው የት እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስንት መቶ ዓይነት ተክል አልፏል። ማታ «ምን አየህ?» ቢሉት መልሱ «ብዙ አበባ» ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

አልፈርድበትም። ትልልቆቹ ማዕከላት ውስጥ ብዙ ሺህ ዝርያ አለ። ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። የትኛውን ይይ? ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ሁሉም ቅጠል አለው።

የእኔ ምክር ቀላል ነው። ሁሉንም ለማየት አትሂዱ። አምስት ስድስት ተክል በደንብ አይታችሁ ውጡ። የቀረው ይቅር። «የመግቢያ ከፍዬማ ሁሉንም ሳላይ አልወጣም» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሱ ሁሉንም አይቶ ምንም ሳያይ ይወጣል።

ታዲያ የትኞቹን አምስት ስድስት? ለዚህ መጀመሪያ ቦታው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የዕፅዋት ማዕከልን ትንሽ ያማረ መናፈሻ ያደርገዋል። መናፈሻ ዛፍ የሚተከለው ጥላ እንዲሆን፣ እንዲያምር ነው። ዛፉ ቢደርቅ ሌላ ይተካል፤ አለቀ። የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ተክል መዝገብ አለው። ከየት መጣ? ማን አመጣው? መቼ ገባ? በዘር ነው በቁራጭ? የት ቦታ ተተከለ? ሲሞት እንኳ መሞቱ ይጻፋል። ልዩነቱ ይሄው ነው። ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው ይህንን መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተጀመረው ለሽርሽር አይደለም። በ1544 ጣሊያን ውስጥ ፒሳ ላይ ሉካ ጊኒ የሚባል የሕክምና መምህር የዩኒቨርሲቲ የአትክልት ስፍራ አቋቋመ። በዓመቱ በ1545 ፓዱዋ ተከተለች። ዓላማው የሕክምና ተማሪዎችን ማስተማር ነበር። መድኃኒቱ ያኔ ቅጠልና ሥር ነው። አንዱን ቅጠል ከሌላው ያምታታ ሐኪም በሽተኛውን ይገድላል። ስለዚህ ተክሉን በሕይወት እያለ፣ ከነስሙ፣ አጠገቡ ቆሞ መማር ያስፈልግ ነበር።

የፒሳው ቦታውን ቀያይሯል። የፓዱዋው ግን እስከ ዛሬ በተቋቋመበት ቦታ ነው። ክብ ግንብ ዙሪያውን አጥሮታል። ግንቡ ለውበት የተሠራ እንዳይመስላችሁ። የመድኃኒት ተክሎቹ ዋጋቸው ውድ ስለነበር ሌባ ማታ ማታ እየገባ አስቸግሮ ነው። ቅጣቱ እስራትና ስደት ድረስ ነበር፤ እሱም አላስቆመው። የሌባውን ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ፓዱዋ ውስጥ በ1585 የተተከለ አንድ ዘንባባ አለ። አሁንም ቆሟል፤ ለብቻው የመስታወት ቤት ተሠርቶለታል። ጀርመናዊው ጎተ በ1786 ሲያልፍ አየው። ጎተን በግጥሙ ታውቁት ይሆናል፤ ተክል ሲያይ ግን ሌላ ሰው ነበር። ይህ ዘንባባ ቅጠሉ እንደ እድሜው ይለያያል። ከታች ያለው ያልተሰነጠቀ፣ ረዘም ብሎ የሾለ ነው። ከፍ ሲል መሰንጠቅ ይጀምራል። ላይ ሲደርስ ሙሉ ማራገቢያ ይሆናል። ጎተ እዚያ ቆሞ ከታች ወደ ላይ አየ። በ1790 ያወጣው ስለ ዕፅዋት ቅርጽ መለዋወጥ የሚናገረው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ሐሳብ አለ። ዘንባባው ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ከ200 ዓመት በላይ ሰው ሲያልፈው የኖረ ተክል ነው እንግዲህ። ምንም የተለየ መሣሪያ አልያዘም፤ ቆሞ ነው ያየው።

እሺ፣ አሁን እንግባ። መጀመሪያ ታፔላዋ።

ከእያንዳንዱ ተክል እግር ሥር ትንሽ ታፔላ አለች። ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ነው የምትሠራው። ሰው ሁሉ ይዘላታል፤ በላቲን ስለተጻፈች ታስፈራለች። ግን አንድ ጊዜ አነባበቧን ካወቃችሁ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለምሳሌ የቡናዋን እንውሰድ። ሞቃት ግሪን ሃውስ ካለ ቡና አይጠፋም።

ላይ ላይ የቤተሰቡ ስም አለ፦ ሩቢያሴ። ከሥሩ ባለ ሁለት ቃል ስም ይመጣል፦ ኮፊያ አራቢካ። ይህ የሁለት ቃል አሰያየም የጸናው በስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ነው። ከስሙ ኋላ አንዲት ብቸኛ የላቲን «ኤል» ከነነጥቧ ካያችሁ እሱ ነው፤ ሊኔየስ ራሱ የሰየመው ማለት ነው። ቀጥሎ የትውልድ ቦታ ይጻፋል። እዚህ ላይ ታፔላዋ ራሷን ትቃረናለች፦ ስሙ የዓረብ ነው ይላል፣ የትውልድ ቦታው ግን ኢትዮጵያ ይላል። ሊኔየስ የሚያውቀው ከዓረብ አገር የመጣውን ስለነበር ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ።

ታች ጥግ ላይ ደግሞ ቁጥር አለ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ተክሉ መዝገብ ውስጥ የገባበት ዓመት ናቸው። የተቀረው ተራ ቁጥር ነው። የመኪና ታርጋ በሉት። 1962 ብሎ የሚጀምር ካያችሁ ያ ተክል እዚያ ቤት የገባው በ1962 ነው። ልጆች ይህንን ጨዋታ ይወዱታል፦ «ከእናቴ የሚበልጥ ተክል እንፈልግ»።

ቡና ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ1706 አንድ የቡና ተክል ከጃቫ ተጭኖ አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ደረሰ። ከዚያ ከተራባው አንዱ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ፤ ፓሪስ የንጉሡ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ተተከለ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደ ክሊዩ የሚባል መኮንን ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተጓዘ። ባሕር ላይ ውኃ ሲያልቅ የራሱን የመጠጥ ውኃ ለችግኟ እያካፈለ እንዳደረሳት እሱ ራሱ ጽፏል። ትንሽ ሳያጋንን አይቀርም፤ ይሁን። ዋናው ነገር ብዙው የላቲን አሜሪካ ቡና የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው እንዲህ መስታወት ቤት ውስጥ ካለፉ በጣት ከሚቆጠሩ ተክሎች መሆኑ ነው። ለዚህ ነው በሽታ ሲመጣ አንዱን የያዘው ሁሉንም የሚይዘው። ይህ ሁሉ ከአንዲት ታፔላ ተነሥቶ ነው እንግዲህ።

ተግባራዊ ምክር፦ ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ታፔላዋን፣ ቀጥሎ ተክሉን አንሱ። ቤት ስትገቡ ሃምሳ የማይታወቅ አረንጓዴ ነገር ስልካችሁ ላይ አይከመርባችሁም።

ቀጥሎ ግሪን ሃውሱ። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በሩን እንደከፈታችሁ መስታወቱ ይጋረዳል፣ ምንም አይታይም። ብዙ ሰው እየጠራረገ ይቀጥላል። አትጥረጉት። ሁለት ደቂቃ ቁሙ። መስታወቱ ሲሞቅ ጉሙ ራሱ ይለቃል። እስከዚያ ድረስ አፍንጫና ጆሮ ይሠራሉ፤ የረጠበ አፈር ይሸታል፣ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሙቀቱም እኮ ለእኛ አይደለም የተዘጋጀው። አካላችን እስኪለምደው ጊዜ እንስጠው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የቅጠል ጫፍ እዩ። ዝናብ ከሚበዛበት ጫካ የመጡ ብዙ ተክሎች የቅጠላቸው ጫፍ ቀጭን፣ ወደ ታች የተሳበ ነው። ውኃው በዚያ ጫፍ በኩል ቶሎ ይወርዳል። አንዱ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ጠብታዋ ትሞላለች፣ ትረዝማለች፣ ትወድቃለች። ቅጠሉ ቀና ይላል። ደግሞ ትሞላለች።

ደረቁ ክፍል ግን ለእኔ የበለጠ ነው። ካክተስና ቁልቋል ያሉበት። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ያስቀምጧቸዋል። ሁለቱም ቅጠል የላቸውም። ሁለቱም ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለው ግንድ አላቸው። ሁለቱም እሾሃም ናቸው። ሁለቱንም ቁልቋል ብለን እናልፋለን። ግን በዘር አይገናኙም። ካክተስ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከአንድ ዝርያ በስተቀር ከዚያ ውጭ በተፈጥሮው አይገኝም። ትልልቆቹ፣ ዛፍ የሚያክሉት ቁልቋሎች ደግሞ የአፍሪካ ናቸው፤ ዩፎርቢያ የሚባለው ወገን።

እንዴት ትለያላችሁ? ቀረብ በሉና እሾሁ የሚወጣበትን ቦታ እዩ። ካክተስ ላይ እሾሁ የሚወጣው ከአንዲት ትንሽ ጸጉራም ነጥብ ነው። ነጥቧ ለስለስ ያለች፣ ነጣ ወይም ቡናማ ያለች ናት፤ ከእሷ ውስጥ ብዙ እሾህ በአንድ ላይ ይፈነጠቃል። በየጠርዙ ላይ በእኩል ርቀት ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። የአፍሪካዎቹ ቁልቋሎች ይህ ጸጉራም ነጥብ የላቸውም። እሾሃቸው ብዙውን ጊዜ ጥንድ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍቶ ይወጣል። ሌላም ምልክት አለ። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ አብዛኛው ካክተስ ግን አያፈስም። ይህንን ለማረጋገጥ ብላችሁ ጥፍራችሁን እንዳታሳርፉበት! አንደኛ ነውር ነው። ሁለተኛ ወተቱ ቆዳ ይለበልባል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል።

ታዲያ ካልተዛመዱ ለምን ተመሳሰሉ? ሁለቱም የገጠማቸው ችግር አንድ ነው፤ ውኃ የለም። ቅጠል ሰፊ ከሆነ ውኃ ይተናል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ቀረ። ምግብ የማዘጋጀቱን ሥራ ግንዱ ወሰደ፤ ለዚህ ነው አረንጓዴ የሆነው። ጠርዝ ጠርዝ መሆኑ ሲዘንብ እንዲነፋ፣ ሲደርቅ እንዲኮማተር ነው፤ ቆዳው አይቀደድም። ውኃ ያጠራቀመ ግንድ ደግሞ ለተጠማ እንስሳ ሲሳይ ስለሆነ እሾህ መጣ። በሁለት የተለያዩ አህጉራት፣ ሳይተዋወቁ፣ አንድ መልስ ላይ ደረሱ። መጽሐፍ ላይ ይህን ብታነቡት እሺ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ሁለቱ መሀል ቆማችሁ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ስታዩ ግን ጉድ ያሰኛል።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሚንቀሳቀስ ተክል ይፈልጋሉ። ሲነኳት ቅጠሏን የምታጥፈው ሚሞሳ ፑዲካ ለዚህ የተፈጠረች ናት፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ ትዘረጋለች። ነፍሳት የምትበላው ቬነስ ፍላይትራፕም አለች። ወጥመዷ ውስጥ ጥቃቅን ጸጉሮች አሉ። አንድ ጊዜ ሲነኩ አትዘጋም። በ20 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ከተነኩ ነው ጥርቅም የምትለው። አንዴ ብቻ ከሆነ የዝናብ ጠብታ ወይም ብናኝ ሊሆን ይችላላ! በእንጨት እየነካችሁ ግን አታጫውቷት። አንዱ ወጥመድ ተዘግቶ የሚከፈተው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሞታል። በከንቱ በተዘጋች ቁጥር ጉልበቷን ነው የምታባክነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዝነኞቹ። እያንዳንዱ ማዕከል ሰው የሚሰለፍለት አንድ ተክል አለው። ብዙ ጊዜ ይህ ታይታን አረም ነው። ትውልዱ ሱማትራ ነው። ኦዶአርዶ ቤካሪ የተባለ ጣሊያናዊ በ1878 አገኘው። ከአገሩ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበው ለንደን በሚገኘው ኪው በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል በ1889 ነው። አበባው እስከ 3 ሜትር ይቆማል። በትክክል ለመናገር አንድ አበባ አይደለም፤ ብዙ ጥቃቅን አበቦች አንድ ላይ ናቸው። ሲከፈት የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል፤ መሀሉ ይሞቅና ሽታውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የሚጠራው የበሰበሰ ነገር የሚወዱትን ነፍሳት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለማበብ ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አስር ዓመት ይፈጅበታል። ካበበ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ ይወድቃል።

የግል አስተያየቴን ልንገራችሁ? አበባው ተጋንኗል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ ሽታውም ሲደርሳችሁ ቀንሷል። እኔ የምመርጠው ሳያብብ ያለውን ጊዜ ነው። ያኔ አንድ ቅጠል ብቻ ያወጣል። አንድ! ያ ቅጠል ግን 6 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ግንድ የሚመስላችሁ የቅጠሉ አገዳ ነው፤ ቅርንጫፍ የሚመስላችሁ የቅጠሉ ክፍፍል ነው። ሰው ዛፍ መስሎት አጠገቡ ያልፋል። ሥሩ ያለው ድንች መሳይ ነገር ኤዲንብራ ላይ በ2010 ሲመዘን ከ150 ኪሎ በላይ ሆኗል። ሰልፍ የለውም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ኩሬው ላይ ያለችው ቪክቶሪያ አማዞኒካ ግን ዝናዋ ይገባታል። ቅጠሏ ክብ ነው፤ ስፋቱ ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከላይ ለስላሳ ነው። ጠርዙ ትንሽ የታጠፈበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እዩ፤ የጎድን አጥንት የመሰለ ወፍራም መረብ፣ እሱም በእሾህ የተሞላ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፓክስተን በ1849 በሰው እጅ አድጋ እንድታብብ ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ነው። ትንሿን ልጁን ቅጠሉ ላይ አቆማት፤ ቻላት። ከዚያ የቅጠሉን አጥንት አስቦ የመስታወት ቤት ሠራ፤ በ1851 ደግሞ ለንደን ላይ ያቆመው ግዙፍ የመስታወት አዳራሽ ዓለምን አስደነቀ።

አበባዋ የምትከፈተው ሲመሽ ነው። በመጀመሪያው ማታ ነጭ ናት፤ ትሸታለች፣ ትሞቃለች። ጥንዚዛዎች ይገባሉ። ሲነጋ ትዘጋባቸዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ውስጥ ይውላሉ። በሁለተኛው ማታ ስትከፈት ሐምራዊ ሮዝ ሆናለች፤ ጥንዚዛዎቹ የወንዴ ዱቄት ተሸክመው ወደ ሌላ ነጭ አበባ ይሄዳሉ። ስለዚህ ነጯን ካያችሁ ትናንት ወይ ዛሬ ማታ ተከፍታለች፤ ሮዟን ካያችሁ ሁለተኛ ማታዋ ነው። ብዙ ማዕከላት ማታ የሚዘጉት እኮ እሷ ሥራ ስትጀምር ነው! ማታ የሚከፍቱበት ቀን ካለ እንዳያመልጣችሁ።

ከዝነኞቹ ይልቅ ግን ማንም የማይሰለፍላቸው ሁለት ተክሎችን ባሳያችሁ ይሻለኛል። ሁለቱም ዘንባባ ይመስላሉ፤ ዘንባባ ግን አይደሉም። ሳይካድ ይባላሉ። አበባ የላቸውም፤ እንደ ጥድ ኮን የሚባል ፍሬ መሳይ ነገር ያወጣሉ። ከዳይኖሰር በፊት ጀምሮ የነበረ ጥንታዊ ወገን ነው። ሁለቱም ኪው ይገኛሉ።

የመጀመሪያውን ፍራንሲስ ማሶን የሚባል ሰው በ1775 ከደቡብ አፍሪካ አመጣው። እስከ ዛሬ በመትከያ ዕቃ ውስጥ ነው ያለው። በዓለም ላይ እጅግ ያረጀው ባለ ዕቃ ተክል ይሄ እንደሆነ ይነገራል። ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው። እዚያ ኮን ሲያወጣ የሚታወቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1819። ታዋቂው የዕፅዋት ተመራማሪ ሰር ጆሴፍ ባንክስ ይህንን ለማየት መጣ፤ በዓመቱ ሞተ። ተክሉ ግን እዚያው ነው።

ሁለተኛው ያሳዝናል። ጆን ሜድሊ ውድ የሚባል የዕፅዋት ባለሙያ በ1895 ደቡብ አፍሪካ ጫካ ውስጥ አንድ ሳይካድ አገኘ። አንድ ብቻ፤ ወንድ። ሳይካድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ነው የሚበቅሉት። ሴቷን ፈለጉ፤ እስካሁንም እየፈለጉ ነው፤ አልተገኘችም። ከዚያ ከአንዱ ግንድ የተወሰዱ ቁራጮች በዓለም ዙሪያ የዕፅዋት ማዕከላት ውስጥ ተተክለዋል። ሁሉም ያው አንዱ ተክል ናቸው። ዱር ውስጥ ዛሬ የለም። ኪው ያለው የገባው በ1899 ነው። ጤነኛ ነው፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ዘር ግን ሊኖረው አይችልም። አጠገቡ ያለችውን ታፔላ ያላነበበ ሰው «አሪፍ ዘንባባ» ብሎ ያልፋል።

እንዲህ ያሉ ተክሎች አንድ ሁለት ብቻ አይደሉም። ፍራንክሊኒያ የሚባል ነጭ አበባ ያለው ዛፍ አለ። ባርትራም አባትና ልጅ በ1765 ጆርጂያ፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ወንዝ ዳር አገኙት። ዱር ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1803 ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሁሉ እነሱ ሰብስበው ከተከሉት ዘር የወረደ ነው። የአውስትራሊያው ወለሚ ጥድ ደግሞ በ1994 ነው የተገኘው። የሚበቅልበት ሸለቆ እስከ ዛሬ ምስጢር ነው፤ በሽታ በጫማ ተሸክሞ የሚገባ ሰው እንዳይኖር። ማየት የምትችሉት የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ነው። በ2017 የወጣ ጥናት የዓለም የዕፅዋት ማዕከላት በአንድ ላይ ከሚታወቀው የዕፅዋት ዝርያ ቢያንስ 30 በመቶውን፣ ሊጠፉ ከተቃረቡት ደግሞ ከ41 በመቶ በላይ እንደያዙ አሳይቷል። ቀላል አይደለም። የሐሩር አካባቢ ዝርያዎች ግን አሁንም በጣም ጥቂት ናቸው፤ ማዕከላቱ የሚበዙት ብርዳማ አገር ስለሆነ።

ታሪካቸው ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። በ1876 ሄንሪ ዊክሃም ወደ 70,000 የሚጠጋ የጎማ ዛፍ ዘር ከብራዚል ወደ ኪው ጫነ። የበቀለው ጥቂቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 22 ችግኝ ሲንጋፖር የዕፅዋት ማዕከል ደረሰ። ከዚያ ሄንሪ ሪድሊ ዛፉን ሳይገድሉ ወተቱን የመቅዳት ዘዴ አወጣ፤ እስያ በጎማ እርሻ ተሞላች፤ የብራዚል የጎማ ንግድ ወደቀ። ብራዚል ያተረፈችው የለም። ስለዚህ ግሪን ሃውስ ውስጥ የጎማ ዛፍ ስታዩ ግንዱ ላይ ዕዳም እንዳለ አስቡ።

አካሄዱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ግሪን ሃውሱ ያቃጥላል፣ ሰውም ይበዛል። ከዝናብ በኋላ ያለው ሰዓት በጣም ጥሩ ነው። ምቹ ጫማ። ትንሽ አጉሊ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል። አግዳሚ ወንበር ስታገኙ ተቀመጡ፤ የሚታይ ነገር ፊት ለፊት ካለው ደግሞ በደንብ ተደላደሉ። አንድ ዛፍ ምረጡና በየወቅቱ እየተመለሳችሁ እሱኑ እዩ። እጁ አፈር የነካ ሠራተኛ ካያችሁ ሰላም በሉና «ዛሬ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርታው ላይ የሌለውን ያሳያችኋል። ሰው ስለማይጠይቃቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ ካለ እንቀጥል።

(ከታዳሚዎች አንዲት ሴት «መሬት ላይ የወደቀ ዘር ማንሳት ይቻላል? ለማንም አይጠቅምም፣ ይጠረጋል እኮ» ብለው ጠየቁ።)

እመቤቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁላችንም አስበነዋል። አይቻልም። ቅድም የሌባውን ነገር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሩዋንዳ ውስጥ አንድ ፍል ውኃ ዳር የሚበቅል ኒምፊያ ተርማረም የሚባል የውኃ አበባ ነበር። ከውኃ አበቦች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ቅጠሉ አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። በ1987 ተገኘ። ፍል ውኃው ለሌላ ሥራ ተጠለፈ፣ ቦታው ደረቀ፣ በ2008 ከዚያ ቦታ ጠፋ። ኪው ውስጥ ካርሎስ ማግዳሌና የሚባል ባለሙያ ዘሩን ለማሳደግ ብዙ ደከመ። እንደ ሌላው የውኃ አበባ ውኃ ውስጥ ሲያሰጥመው ችግኙ ይሞታል። በመጨረሻ በውኃው ልክ፣ ቅጠሉ አየር እንዲያገኝ አድርጎ ሲተክለው አደገ። ትውልድ የሚጠፋበት አፋፍ ላይ የነበረ ተክል ዳነ። በጥር 2014 አንድ ጎብኚ ከዚያው ግሪን ሃውስ አንዱን ነቅሎ ሄደ። ፖሊስ መጣ፤ የዓለም ዜና ሆነ።

የወደቀ ዘር ያን ያህል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከመሬት የወደቀውም መዝገብ ውስጥ ነው። ማዕከላት የሰበሰቡትን ዘር ዝርዝር በየጊዜው አውጥተው እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፤ ኢንዴክስ ሴሚነም ይባላል። የእርስዎ ኪስ የገባው ዘር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ የነበረ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ከአገሩ ውጭ አረም ሆኖ የሚያስቸግር ተክል አለ፤ በሽታ የሚያዛምት አለ። ዘር ከፈለጉ ብዙዎቹ ማዕከላት ችግኝና ዘር የሚሸጡበት ቦታ ወይም ቀን አላቸው። እዚያ ሲገዙ ስሙን ከነታፔላው ይጠይቁ፤ ይሰጡዎታል።

ቀጣይ ጥያቄ? ከኋላ ያለኸው ልጅ፣ እጅህን ቅድም አንሥተህ ነበር።